ሲሚንቶ ላይ ሣር የፈለገችው ጭላዳ

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ላሊበላ አንድ ሎጅ ውስጥ አልጋ አነጥፍ ነበር። አጎቴ ከአሸተን ማርያም በታች ገብስ ያርሳሉ። ገብሱ ሲያሸት ጭላዳ ዝንጀሮ ከገደሉ እየወጣ ስለሚፈጅባቸው ማማ ላይ ተቀምጠው በወንጭፍ ያባርሩታል። አንድ ቀን ድንጋዩ አንዲት እናት ጭላዳ አገኘና ጣላት። ልጇ ከሬሳው አልላቀቅ አለች። የአጎቴ አንጀት አልቻለም፤ በጋቢያቸው ጠቅልለው እኔ ዘንድ ይዘዋት መጡ።

«እንግዳ የሚበላበት ቤት እንስሳ አይራብም፤ እዚህ ትደግ» አሉኝ።

የሎጁ ባለቤት ደስ አለው። የእንግዳ ገበያ ቀዝቅዞ ስለነበር ፎቶ የሚያስነሳ ነገር ይፈልግ ነበር። የብረት ፍርግርግ አሠራላት፤ ወለሉን ሲሚንቶ አስደረገው። ሙዝና ዳቦ ይሰጧታል። ጭላዳ ግን ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ሣር የሚነጭ ፍጥረት ነው። እሷም ቁጭ ብላ ሲሚንቶውን ትፍቃለች፣ ጣቷ እስኪደማ። አንሶላ ሳሰጣ ይሰማኛል፤ ፋቅ፣ ፋቅ።

ሣር እንዲሰጧት እዘዙልኝ ብዬ ቱሪዝም ቢሮ ሄድኩ። «እኛ የምናየው አልጋና መጸዳጃ ነው» አሉኝ። ግብርና ሄድኩ። የእንስሳት ሐኪሙ ሣቀብኝ።

«እቴ፣ ሣር እንደምትበላማ እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ። የኔ ሥራ ግን ከብትና በግ ነው። የዱር እንስሳ የሚመለከተው አዲስ አበባን ነው።»

ደጋግሜ ስጨቀጭቃቸው ከቱሪዝም ቢሮ ሁለት ተቆጣጣሪዎች መጡ። ፍርግርጉን ነቀነቁና እንግዳ እንዳትነክስ ሁለተኛ ቁልፍ ይጨመር ብለው ሄዱ። ጣቷን ያየላት የለም።

አጎቴ ቅዳሜ ለገበያ ሲወርዱ አይተዋት ፊታቸው ጠቆረ። የሎጁን ባለቤት «ልጄ፣ ተሳስቻለሁ። ስጠኝና ወደ ገደሏ ልመልሳት» አሉት።

«አባባ፣ የመንግሥት ሀብት ናት እኮ። ያለ ፈቃድ ብለቃት የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«ስታስገባትስ ማን ፈቀደልህ?»

«አንቱ ነዎታ» አለ እየሣቀ።

እንደገና ዞርኩ። ሲያስሯት ማንም ያልጠየቀው ፈቃድ፣ ለመልቀቅ ሲሆን ሰጪ ጠፋለት። ወረዳው ለዞኑ ይጻፍ ይላል፤ ዞኑ ወረዳው ይወስን ይላል፤ ቱሪዝም ቢሮ መጥተን እንዳናይ መኪና የለም ይላል። አጎቴ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሸክም እርጥብ ሣር ያመጡላታል። የዚያን ቀን ጸጥ ብላ ስትነጭ ትውላለች። እሑድ ጠዋት ግቢው ቆሸሸ ብለው ጠርገው ያወጡታል።

ሐምሌ ላይ፣ ብርዱ ሲበረታ፣ አንድ ጠዋት ተኮራምታ ደርቃ አገኘኋት። መሞቷ ሲሰማ ግን ከቱሪዝም ቢሮው ፈጥነው መጡ። ሬሳዋን ፎቶ አንሥተው ሄዱ። ያን ሁሉ ጊዜ የለም ሲሉኝ የከረሙት መኪና ለዚህ ተገኘ። እስካሁን ያበሽቀኛል።

በዓመቱ አጎቴ ከገደሉ አፋፍ ያለውን የማሳቸውን ጫፍ ሳያርሱት ተዉት። ሣር በቀለበት። ሚስታቸው ለምን እንደተዉት ሲጠይቋቸው «በሬዎቹ ደክመው ነው» አሏቸው።