የኪዮስኩ አንቴና

የተቃጠለ አቧራ ሽታ ነው ያስታወሰኝ። በቀደም የሀብታሞቹ ሰፈር ባርኔአ አንድ ቪላ ለጥገና ተጠርቼ ሄድኩ። ሰውየው ሳሎኑን ለማሳመር የድሮ የጌም ማሽን ገዝቶ አቁሟል፤ ያን ሳንቲም የሚበላውን፣ ቁም ሣጥን የሚያክለውን። ሲያበራው ስክሪኑ ላይ ከአንድ ቀጭን ነጭ መስመር በቀር ምንም የለም። ጠጋኟ ሴት መሆኔ ግር ቢለው ጊዜ በዩቲዩብ ያየውን ሁሉ ቆሞ ያስተምረኝ ጀመር። ለእንግዳ ማሳያ እንጂ የማይጫወትበትን ዕቃ የገዛ ሰው እኔን ሊያስተምር! የኋላ ክዳኑን ፈታሁ። የሞቀው አቧራ ሸተተኝና ሐሳቤ ያደግኩበት አቲቆት ገባ።

አቲቆት ሰፈራችን ውስጥ አንድ ኪዮስክ ነበር። ባለቤቱን ምን ብዬ ልንገርህ፤ ከወሬ በቀር ሙያ ያልፈጠረበት ሰው ነው። የሱም ጌም ማሽን ሥዕል አንድ ቀን እንዲሁ ወደ ነጭ መስመር ተሰበሰበ። ጥገና ብሎ የሚያውቀው በቡጢ መደለቅ ብቻ። ሲደልቀው ሥዕሉ ብልጭ ይላል፣ እሱ ደረቱን ይነፋል፣ ወዲያው ደግሞ ይጠፋል።

አባቴ ፋብሪካ ውስጥ ጽዳት ይሠራ ነበር። ጎንደር እያለ ግን የሰፈሩ ቴሌቪዥን በተንቀጠቀጠ ቁጥር ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴና የሚያዞረው እሱ ነበር፤ «ኢንጂነሩ» ነበር የሚሉት። እዚህ አገር ከመጣን ወዲህ እንደዚያ ብሎ የጠራው የለም። እናም ኪዮስኩ ጋ ሲያልፍ ማሽኑን አየና በሰው ሁሉ ፊት «አንቴናው ነው፤ ነገ እሠራዋለሁ» አለ። ለጌም ማሽን አንቴና! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ግን አባትን በሰው ፊት ማን ያርማል? እኛ ቤት አይደረግም።

በማግስቱ ባለቤቱ ሰፈሩን ሁሉ ጠርቶ ጠበቀን። አባቴ የሰንበት ሸሚዙን ለብሶ፣ ከኮት መስቀያ የሠራትን አንቴና ይዞ ጣሪያው ላይ ወጣ። ሽቦውን በመስኮት ሲያወርድልኝ ተቀብዬ ጫፉን ከማሽኑ ኋላ ወሸቅኩት። ደንቡን ታውቀዋለህ፤ አንዱ ከላይ ያዞራል፣ አንዱ ከታች እያየ ይጮኻል። ውጭ ሰዉ አንጋጦ ቆሟል። ባለቤቱ በዕብራይስጥ «ወደ ኢትዮጵያ ሊደውል ነው» ሲል ያ ሁሉ መንጋ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አባቴ አይገባውም ብለው ነው። ያን ያህል ዕብራይስጥ ግን ይገባው ነበር።

ውስጥ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ኤሌክትሮኒክስ ስለምማር ትንሿ የሽቦ መበየጃዬ ከቦርሳዬ አትጠፋም። ችግሩን የሰውየው ቡጢ ራሱ ነግሮኛል፤ ሲደለቅ የሚመለስ ሥዕል የለቀቀ ብየዳ ነው። ማሽኑን ከሶኬቱ ነቅዬ በቦታው መበየጃዬን ሰካሁና የኋላ ክዳኑን ፈታሁ።

«መጣ?» አለ አባቴ ከላይ።

«ገና ነው አባዬ።»

ስንጥቁን ፈልጌ አገኘሁና በየድኩት። ማሽኑን መልሼ ሰካሁ።

«አሁንስ?»

ነጩ መስመር ወደ ላይና ወደ ታች ተከፈተ፤ ስክሪኑ በቀለም ሞላ።

«መጣ! እዛው ያዘው!»

የውጩ ሳቅ ቀጥ አለ። ባለቤቱ ገብቶ አየና ተመልሶ ወጥቶ ወደ ጣሪያው አንጋጠጠ። ያ ደነዝ ከዚያ በኋላ ስንት ዘመን ያቺን የኮት መስቀያ ጣሪያው ላይ ሲጠብቅ ኖረ፤ ልጆች በኳስ እንዳይመቷት ይጮህ ነበር። አባቴ ወርዶ ገባ። የመበየጃው ጭስ ገና አልጠፋም። አሸተተ፤ ቦርሳዬን አየ። ከዚያ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ «ከታች ጥሩ አየሽልኝ» አለ። ስለዚያ ቀን ዳግመኛ አላወራንም።

አሁን አባቴ የለም። ባርኔአ ብየዳውን ጨርሼ ማሽኑን ስሰካ ነጩ መስመር ተከፈተ። ሰውየው ገና ዩቲዩቡን እያስተማረኝ ነው። እኔ አንጋጥጬ ኮርኒሱን እያየሁ ነበር።

«መጣ አባዬ» አልኩ ቀስ ብዬ። ከላይ የጠየቀኝ አልነበረም።