ከእንግሊዝኛው ወገን የተመረጠችው

ዘውድነሽ ሮዝዌል ከተማ ቤታቸው እየሄደች የምታስታምማቸው ሽማግሌ፣ ሚስተር ጋኞን፣ አያቶቻቸው ፈረንሳይኛ ከሚነገርባት የካናዳ ግዛት ከኩቤክ የመጡ ናቸው። ካልሲያቸውን ስታጠልቅላቸው ታሪክ ያወሩላታል።

“እንግሊዝ ካናዳን ከያዘች ከብዙ ዓመት በኋላ እዚያ የነበሩትን ፈረንሳዮች በልማድም በቋንቋም እንግሊዝ ላድርጋቸው ብላ የፈረንሳይኛውንና የእንግሊዝኛውን ግዛት በአንድ ምክር ቤት አዋሐደች። ፈረንሳዮቹ በቁጥር ቢበልጡም ወንበሩ እኩል ተከፈለ፤ የምክር ቤቱ መዝገብም በእንግሊዝኛ ብቻ ሆነ።”

“ታዲያ ፈረንሳይኛው ጠፋ?”

“እኔ በምን የምጸልይ ይመስልሻል?” ብለው ሳቁ።

ወሬው ለዘውድነሽ የሩቅ አልነበረም። ቡፎርድ ሃይዌይ ከሚባለው አውራ ጎዳና አጠገብ ያለው ቤተ ክርስቲያኗ የአማርኛውንና የወጣቶቹን የእንግሊዝኛ ጉባኤ በአንድ ቦርድ ሊያዋሕድ ነው፤ ለየወገኑ አራት ወንበር። እሷ የምትመራው የቅዳሜ ጠዋት የአማርኛ ጸሎት እንዳይታጠፍ ሰጋች። ቦርዱ ውስጥ መግባት አማራት፤ ለማንም ግን አልተነፈሰችም።

በምርጫው ቀን ከአማርኛው ጉባኤ አቶ ወንድሙ ጠቆሟት። እንግዲህ በእኛ ወግ በአንድ ጥቆማ “እሺ” የሚል ጨዋ የለም፤ ሰው እንቢ ይላል፣ ይለመናል፣ በሦስተኛው አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል። ዘውድነሽም “እኔ ምን አቅም አለኝ? ሌላ ሰው ይሻላል” አለች።

ሰብሳቢው ግን እዚሁ በስደት አገር፣ ዱሉዝ ከተማ ያደገው ኤልቃና ነበር። “ኦኬ፣ ሲስተር ዘውድነሽ ዲክላይን አድርጋለች። ኔክስት!”

“ኧረ አንተ ልጅ! ገና ልንለምናት እኮ ነው!” አሉ አቶ ወንድሙ።

“ጋሼ፣ ኖ አለች እኮ!”

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዘውድነሽ የግዷን ፈገግ ብላ ተቀመጠች። የአማርኛው አራት ወንበር በሌሎች ሞላ።

የእንግሊዝኛው ተራ ሲደርስ ከወጣቶቹ መካከል ነርሷ ሩሐማ ተነሣች። “አንዱን ወንበር ለአንቲ ዘውዴ እንስጥ።”

“እሷ የእኛ የአምልኮ ሰርቪስ መጥታ ታውቃለች?” አለ አንዱ ከኋላ።

“ሶ? ባትመጣስ? ማሚ ስትታመም ሆስፒታል ድረስ መጥታ የጸለየችልን በአማርኛ ነው። ግማሹ አልገባኝም፤ ግን ተጽናናሁ።”

እጆች ተነሡ። ኤልቃና “አንቲ ዘውዴ፣ ትቀበያለ…” ሳይጨርስ “እሺ!” አለች ዘውድነሽ።

ሰኞ ይህን ስትነግራቸው ሚስተር ጋኞን አልጋቸውን በደስታ መቱ። “እንደ ያኔው የፈረንሳዮቹ መሪ! በገዛ ግዛቱ ምርጫው ሳይሳካለት ሲቀር፣ ለምክር ቤቱ የመረጡት የሌላኛው ግዛት እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ናቸው!”

“ገብቶስ ምን አደረገ?”

“በፈረንሳይኛ ተናገረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያ የመዝገብ ሕግም ተሻረ።”

የቦርዱን የመጀመሪያ ስብሰባ በጸሎት የከፈተችው ዘውድነሽ ናት፤ በአማርኛ። የቅዳሜው ጸሎትም አልታጠፈም። ሩሐማ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ከኋላ ወንበር ተቀምጣ፣ የገባትንም ያልገባትንም “አሜን” ትላለች።