በዝንብ አንጎል ፊት የተቀመጠችው ሴት

የዝንብ አንጎል በስክሪኑ ላይ የተወሳሰበ ባለቀለም ክር መስሎ ይሽከረከራል። የእሷ ሥራ ኮምፒዩተሩ ያገናኛቸውን የነርቭ ክሮች መርምሮ ማጽደቅ ወይም መለያየት ነው። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ስፌቱን ለምን እንደተወች የጠየቃት የለም። ሐሳብ ሲገባት እጇ አንገቷ ላይ የሌለውን የሜትር ገመድ ይፈልጋል። «ስፌት የሚታወቀው በጀርባው ነው» እያለች ምስሉን ሳታገላብጥ አታጸድቅም።

ዛሬ ረፋድ ላይ እጇ አንገቷ ላይ ቀረ። ከጎኗ የተቀመጠው ባልደረባዋ ወደ ስክሪኗ ዘንበል አለ። ባለፈው ወር ራሷ ያጸደቀችው መጋጠሚያ ሐሰት ነው፤ ሁለቱ ክሮች ተነካክተው ያልፋሉ እንጂ አይገናኙም። ምስሉ ቀትር ላይ ተመራማሪዎች እንዲሠሩበት ለሕዝብ ይከፈታል። ሦስተኛ ስህተት ደግሞ ከሥራ ያሰናብታል፤ እሷ ከዚህ በፊት ሁለት ተመዝግቦባታል።

«እትዬ፣ ይተዉት!» አላት በሹክሹክታ። «ዝንብ እንደሆነች ከሳ ፍርድ ቤት አታቆምዎትም!»

«ዝንቧማ ሞታ የለ እንዴ? ይህን አምኖ የሚሠራው ሰው ነው በሕይወት ያለው።»

ለቀትር ሩብ ጉዳይ ሲሆን መጋጠሚያውን ለያየችው። ወዲያው «ስህተቱን ያጸደቀው ማን ነው?» የሚል ቅጽ ብቅ አለ። ባዶ ቢተው ማንም እንደማይጠይቅ ሁለቱም ያውቃሉ። እሷ ስሟን ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ጻፈች።