ፀጉር የሌለው ደንበኛ

«ታናሿ ልጅህ ምንድን ነው የምትማረው?» ብሎ ደንበኛ በጠየቀው ቁጥር ፀጉር አስተካካዩ ቶንዶዙን ያስጮኸዋል። ጠያቂው ካልተወው «ስዕል ቢጤ ነው» ከማለት አያልፍም። የታላቋን ግን ሳይጠየቅም «ፋርማሲስት ናት!» ይላል፣ አፉን ሞልቶ።

ይህ ነገር ታናሿን ሆድ ያስብሳታል። የምትማረው በሥነ ጥበብ ኮሌጅ የአካባቢ ዲዛይን ነው፤ ሰው የሚገባበት፣ የሚጠብቅበት፣ የሚያልፍበት ቦታ እንዴት ቢሠራ እንደሚመች። ከእሷ ቀድመው ከተመረቁት አንዷ የሙዚየም ኤግዚቢሽን ታዘጋጃለች፣ ሌላው የሱቆችን ውስጥ ይነድፋል። ይህን ሁሉ ዘርዝራ ብትነግረው አባቷ፣ «እና ዛፍ ትተክላላችሁ?» አላት።

«አባባ፣ ክፍል ነው እኮ የምንሠራው!»

«ክፍሉንማ ግንበኛ ይሠራዋል» አለና ወደ መቀሱ ተመለሰ።

የመመረቂያ ሥራዋ እውነተኛ ክፍል ላይ መሆን ነበረበትና የአባቷን ፀጉር ቤት ለመነችው። ቦታ ጠፍቶ አይደለም፤ አባቴ ሥራዬን በዓይኑ ይይልኝ ብላ እንጂ። እሱም ብዙ ካንገራገረ በኋላ፣ «ለሙከራ ብቻ! መስታወቴን እንዳትነኪ» ብሎ ፈቀደ።

ሱቁ በተዘጋበት ቀን ሜትሯን ይዛ ገባች። በኮሌጁ ንድፍ በወረቀት ብቻ አይታመንም፤ በባለቀለም ፕላስተር ወለሉ ላይ በእውነተኛ መጠኑ ይሰመርና ሰው ይሄድበታል። ብትለካ ብትለካ ቦታውን ያጣበበው ግድግዳው ሥር ያለው ረጅሙ አግዳሚ ወንበር ሆኖ አገኘችው። አወጣችው። ክፍሉ ፈካ አለ፤ ልቧ ቅቤ ጠጣ።

በማግስቱ ደንበኞች እየገቡ ተስተካክለው ወጡ። ግፊያ የለም፣ «እግርህን ሰብስብ» የለም። ረፋዱ ላይ ጡረተኛው ሹፌር ብቅ አለ። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ከአባቷ ጋር ወሬ ሲያወጋ የሚውል ሰው ነው። ባዶውን ግድግዳ አየና፣ «ዛሬ ሥራ በዝቶብሃል መሰለኝ» ብሎ ተመለሰ።

አባቷ ራዲዮ ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። እጁ ሥራ ላይ ነው፣ ዓይኑ ግን ከበሩ አልነቀል አለ። ያኔ ልጅቷ ክው አለች። የሰውን ትከሻ ስፋት፣ የእግሩን መተላለፊያ ሁሉ ስትለካ፣ አባቷ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ከማን ጋር እንደሚስቅ አላሰበችም። ደንበኛ ብላ የቆጠረችው የሚስተካከለውን ብቻ ነው። «ምን ዓይነት ጅል ነኝ! እዚሁ አድጌ!» አለች በሆዷ።

ፕላስተሩን ልጣ ጣለችና እንደገና ሰመረች። የመስኮቱን ደፍ አስፍታ መቀመጫ አደረገችው፤ የተቀመጠበት ሰው መተላለፊያ ሳይዘጋ ከአባቷ ጋር ፊት ለፊት ይተያያል። አናጺው አጎቷ፣ «ለእህቴ ልጅ ያልሆነ መዶሻ ለማን ሊሆን ነው!» እያለ ሠራላት። ሹፌሩን ራሷ ቤቱ ሄዳ፣ ይቅርታ ጠይቃ አመጣችው።

የኮሌጁ መምህራን ሊገመግሙ ሲመጡ ሹፌሩ መስኮቱ ላይ ተንሰራፍቶ ጠበቃቸው። አንዷ መምህርት መላጣውን አየት አድርጋ፣ «እሳቸውም ደንበኛ ናቸው?» አለች።

«ዋናው!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ልጅቷ ግምገማውን አለፈች። ብዙም ሳትቆይ አንድ አዲስ ሰው ሊስተካከል ተቀምጦ፣ «ይህን መስኮት ማን ሠራልህ?» አለ።

ፀጉር አስተካካዩ ቶንዶዙን አጠፋ።

«ታናሿ ልጄ። የአካባቢ ዲዛይነር ናት» አለ፣ አፉን ሞልቶ። «አሁን ደግሞ የክሊኒክ መጠበቂያ ልትሠራ ተቀጥራለች፤ ሰው ተራ ሲጠብቅ እንዳይከፋው።»