የመስኮቱ አልጋ

ዶርማችንን የሚያጸዱትን ሴትዮ ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው፤ ስማቸውን የጠየቀ የለም። ሰማያዊ ገዋናቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። ደረት ኪሱ ላይ ደግሞ ክዳኑ የጠፋ እስክሪብቶ ይሰካሉ። መወልወያ ለያዘ ሰው እስክሪብቶ ምን ያደርግለታል እያልን እንስቃለን። የተጣለ ወረቀት ሲያገኙ እንደኛ ጨምድደው አይወረውሩም፤ ቆመው አንብበው፣ አጥፈው ነው ቅርጫት ውስጥ የሚከቱት።

የመጣሁ ዕለት ሻንጣዬን ታቅፌ የትኛውን አልጋ ልያዝ ስል በር ላይ ደረሱ።

«መስኮቱ ጋ ያለውን፣ የላይኛውን ያዢ ልጄ» አሉኝ። «ጠዋት ፀሐይዋ መጀመሪያ የምታርፈው እሱ ትራስ ላይ ነው። ማንም ሳይቀሰቅስሽ ትነሻለሽ።»

እውነታቸውን ነበር። ነገሩ የገረመኝ ግን ከወር በኋላ ነው። ጽዳቶች ሕንፃው ውስጥ የሚገቡት ሦስት ሰዓት ላይ፣ እኛ ለትምህርት ከወጣን በኋላ ነው። ታዲያ የማለዳዋን ፀሐይ የት አገኟት?

«እትዬ፣ እዚህ ተምረዋል እንዴ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«አንድ ዓመት» አሉና መወልወያውን ጨመቁ። «እናቴ ታመመችና ላስታምማት ሄድኩ። ቶሎ የምመለስ መስሎኝ አንሶላዬን እንኳ አላነሳሁም ነበር።»

ትናንት ደብተር ረስቼ ተመለስኩ። ጫማቸው አልጋው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጧል። እትዬ አልጋዬ ላይ ወጥተው፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ጋደም ብለዋል። በሩን ድምፅ ሳላሰማ መለስኩት።

በዚያ ሰዓት ግን ፀሐይዋ ከዚያ አልጋ ከወረደች ቆይታለች።