ወፍ ዘራሽ

ልጅ ሳለሁ ስለ እግዚአብሔር መንግሥት የሰማሁት አብዛኛውን ጎደሬ እስኪበስል ስንጠብቅ ነው። ከሚዛን ተፈሪ ወደ ሸኮ በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረው ቤታችን፣ አባባ የምንላቸው አያቴ ምሽት ላይ ጎደሬውን ረመጥ ውስጥ ይቀብሩና ከወንጌል አንድ ምሳሌ ያወሩልን ነበር። በቤተ ክርስቲያን የአማርኛውን ስብከት ወደ ቤንችኛ የሚያስተረጉሙት እሳቸው ስለነበሩ በቃል አይቸኩሉም፤ ትክክለኛው ቃል እስኪመጣላቸው እሳቱን ይቆሰቁሳሉ። ያኔ የእርጥብ እንጨቱ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ የኩራዟ ብርሃን ግድግዳው ላይ እየተወዛወዘ፣ እኔና የአጎቴ ልጅ ታምሩ እንጠብቃለን።

እናቴ ለሥራ ቴፒ ሄዳ እኔን ይዛ ተመለሰች፤ አባቴ ማን እንደሆነ ለማንም አልተናገረችም። በእኛ አገር ማንም ሳይተክለው ጫካ ውስጥ የበቀለ ቡና ወፍ ዘራሽ ይባላል፤ ወፍ ቀዩን ልጣጭ በልታ ፍሬውን የጣለችው ማለት ነው። አባቱ ያልታወቀ ልጅንም እንዲሁ ይሉታል። ታምሩ በሌላ ስም ጠርቶኝ አያውቅም።

አንድ ዝናባማ ምሽት አባባ የዘሪውን ምሳሌ አወሩ። በመንገድ ዳር የወደቀውን ዘር ወፎች ለቀሙት ሲሉ ታምሩ አቋረጣቸው።

«አባባ፣ ወፎቹ ምንድን ናቸው?»

«ቃሉን ከልብ የሚነጥቀው ክፉው ነው። ይህን ጌታ ራሱ ፈትቶታል።»

ታምሩ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። «ሰማሽ? ማን እንደዘራሽ ታወቀ።»

አላለቀስኩም። አባባ ልጅን ለማባበል ብለው የማይዋሹ ሰው ስለነበሩ፣ መልሳቸውን እንደ ፍርድ ልቀበል ቆርጬ ጠየቅኋቸው።

«እውነት ነው አባባ? እኔን የዘራኝ ሰይጣን ነው?»

እሳቱን ቆሰቆሱ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ይህ ምሳሌ ስለ ማን ተነገረ?» አሉ በመጨረሻ። «ስለሚሰማ ሰው ነው። ማን ከማን ተወለደ የሚል ነገር የለበትም። ቆየት ብሎ ጌታ መንግሥተ ሰማያት የሰናፍጭ ቅንጣት ትመስላለች አለ፤ አድጋ ዛፍ ስትሆን ወፎች መጥተው በቅርንጫፏ ይሰፍራሉ። ታምሩ፣ እዚያስ ወፎቹ ሰይጣን ናቸው?»

«እንጃ።»

«እንጃ ጥሩ መልስ ነው። ቅድምም እንጃ ብትል ጥሩ ነበር። እዚያ ወፎቹ ማረፊያ ያገኙ እንግዶች ናቸው። ጓሯችን ያለውን ቡና ማን ተከለው?»

«እርስዎ።»

«ችግኙንስ ከየት አመጣሁት?»

ታምሩ አብሯቸው ተሸክሞ ነበርና መካድ አልቻለም። «ከጫካ» አለ ቀስ ብሎ። «ወፍ ዘራሹን ነቅለን።»

«እንግዲያው በቡናው ብር የተገዛልህ ቁምጣም ከወፍ ዘራሽ የመጣ ነው። በል፣ ጎደሬ አውጣላት። ትልቁን።»

ታምሩ ጣቱን እያቃጠለው ትልቁን ጎደሬ ከረመጡ አወጣልኝ። በላሁት፤ ውስጡ ትንሽ ጥሬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በዘጋቢነት ሠርቻለሁ፤ ሰው ሲናገር መስማትና የተናገረውን ማጣራት ሥራዬ ነው። ከአባባ የያዝኩት አንድ ነገር ነው፦ አንድ ንግግር ምን ማለት እንደሆነ ከመወሰኔ በፊት ስለ ምን እንደተነገረ እጠይቃለሁ። ምሳሌ ለተነገረበት ጉዳይ ይመልሳል፤ ላልተነገረበት ጉዳይ እንዲመልስ ከተደረገ ጥፋቱ የተርጓሚው ነው። አባባ ያን ምሽት የወንጌሉን ቃል ለእኔ ሲሉ አላለዘቡትም፤ በቦታው አስቀመጡት እንጂ። ሊያጽናኑኝ ብቻ ቢናገሩ ኖሮ አላምናቸውም ነበር።

ታምሩ ያን ስም አልተወውም። አሁን የጓሮውን ቡና የሚይዘው እሱ ነው፤ የለቀማ ወቅት ሲደርስ ይደውልልኛል።

«ወፍ ዘራሽ! ቡናሽ ቀልቷል።»

«አቤት» እለዋለሁ።