መምህር ጌታሁንና የደብሊኑ ግብዣ

መምህር ጌታሁን ወላይታ ውስጥ ጉኑኖ በምትባል ከተማ እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። ቤተ ክርስቲያን የውጭ እንግዳ ሲመጣም አስተርጓሚው እሱ ነው። በ1999 ዓ.ም. ሶዶ ሄዶ ኢንተርኔት ቤት ኢሜይሉን ሲከፍት፣ ደብሊን ላይ በሚካሄድ የመምህራን ጉባኤ እንዲገኝ የሚጋብዝ መልእክት ደርሶት አገኘ። ፕሪንት አስደርጎ ይዞት ተመለሰ።

እሑድ ምእመናኑ እጃቸውን ጭነው ጸለዩለት። ሽማግሌው ጋሽ ጦና የወላይታን የባህል ልብስ፣ ዱንጉዛ አለበሱትና፣ "የማን ልጅ እንደሆንክ በሰው አገር ይወቁልህ" አሉት።

በማግስቱ ስለ ደብሊን ብርድ ሊጠይቅ ጤና ጣቢያ ወደምትሠራው አየርላንዳዊት ነርስ፣ ወደ ኦርላ ሄደ። ወረቀቱን አንብባ መለሰችለት።

"መምህር፣ ይሄ ለእኔም መጥቷል" አለችው። "ስሙ ብቻ ነው የተለየው። ጉባኤ የለም። አጭበርባሪዎች ናቸው።"

ጌታሁን ጆሮው ድረስ ጋለ። "የቋንቋውን ስሕተት አይቼው ነበር" አለ። "ፈረንጅ በጥድፊያ ሲጽፍ እንዲህ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኜ።"

ኦርላ ልታጽናናው ፈለገች። "በአይሪሽ ቋንቋችን እንዲህ ያለውን ኢሜይል ቱርስካር እንለዋለን። ጥንት ቃሉ ማዕበል ገፍቶ ዳር የሚጥለው የባሕር አረም ነበር። ከዚያ ግሳንግስ ሁሉ ቱርስካር ተባለ፤ ኢንተርኔት ሲመጣ ደግሞ ለዚህ ሆነ። አንተ አላመጣኸውም፤ ባሕር ነው የጣለው።"

"ያነሳሁት ግን እኔ ነኝ" አላት።

ለማንም አልተናገረም። "መንገድ መቼ ነው?" ሲሉት "ቪዛ እየጠበቅኩ ነው" እያለ ዋሸ። ባለቤቱ ትርፌ ከጎረቤት ሻንጣ ተውሳ የመጣች ዕለት ግን መደበቅ አቃተው።

ትርፌ ሰምታ ሻንጣውን በሩ ጥግ አስቀመጠችው። "ራስህ ንገራቸው" አለችው። "ከሌላ አፍ ከሰሙት ይብሳል።"

እሑድ ምእመናኑ ፊት ቆሞ ሁሉንም በወላይትኛ ተናገረ፤ መዋሸቱንም አልደበቀም። የኦርላን ቃልም አስረዳ። ሲጨርስ ጋሽ ጦና፣ "ያን አረም ታዲያ ምን ያደርጉታል?" ብለው ጠየቁ።

"ለድንች ማሳ ማዳበሪያ ያደርጉት ነበር አለችኝ።"

ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ክፋት አልነበረበትም። ጌታሁን ግን ቀና ማለት አልቻለም። ዱንጉዛውን ሊመልስ ቢዘረጋ ጋሽ ጦና፣ "የተሰጠ ልብስ አይመለስም" አሉት።

ከዚያ በኋላ ጉኑኖ "ደብሊን" ብላ ጠራችው። ቦምቤ ወደምትባል ሌላ ከተማ ተዛወረ፤ ስሙ ቀድሞት ደርሶ ነበር። የቦምቤ ተማሪዎች ታሪኩን ሳያውቁ፣ እውነተኛ ስሙ መስሏቸው "መምህር ደብሊን" ይሉታል። አቤት ይላል። ፊቱ ግን ዛሬም በጠሩት ቁጥር ይግላል።